የሙሩኩ ቃል ሥርና የመምህሩ ሪዝ

ናሁ ንጽሕፍ ዜናሁ ለመምህር! በታሚሎች አቆጣጠር ስማቸው በየተራ ከሚፈራረቀው ከስልሳ ዓመታት መካከል ክሮዲ በሚባለው፣ ትርጓሜውም «ቁጡ» በሆነው ዓመት፣ ታይ በሚሉት ወር፣ የመከሩ በዓል ማሰሮ በየደጁ ገንፍሎ ሕዝቡ እልል ካለ በኋላ፣ በአምባሳሙድራም ከተማ፣ በደቡብ መንገድ፣ ከሩዝ መፈልፈያው በታች ባለችው ሰማያዊ በር ቤት፣ ሞዓ ጠመኔ ዘእምነገደ ሰሌዳ፣ ሥዩመ መዝገበ ቃላት፣ የቃላት ሥር ቆፋሪ፣ የሰዋስው አጥር ጠባቂ፣ ባለ ጥምዝ ሪዙ የታሚልኛ መምህር ኔላያፓን፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ በነገሡበት በበረንዳቸው ዙፋን ላይ፣ ማለትም አንድ እግሩ በካርቶን በተደገፈ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ማንም ሳይነካቸው፣ ምንም ሳይቸግራቸው፣ በገዛ አፋቸው ጦርነት አነሡ።

እኔ የዚህ ዜና ጸሐፊ ከእሳቸው ጋር አንድ ግድግዳ እጋራለሁ። በባቡር ጣቢያ መስኮት ትኬት ስሸጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ጻፍ ብሎ የሾመኝ የለም፤ ደመወዜም በዚህ ዘመቻ የተሰበረው ሙሩኩ የሚሉት መክሰስ ሁሉ ነበር። ስለዚህ ጌታዬ በተሸነፉ ቁጥር እኔ እወፍር ነበርና፣ ለአንዳንዱ ሽንፈት አምርሬ ያላለቀስሁ እንደሆነ አንባቢ አይፍረድብኝ። ምን ላድርግ፣ ሆዴ ነው።

አስቀድመን ስለ ሪዙ እንናገራለን፤ ያለ ሪዙ ይህ ታሪክ አይቆምምና። ነጭ ነበር፤ በኮኮናት ዘይት የታሸ፣ ጫፍና ጫፉ ወደ ላይ የቆመ፣ በአንዱ ጎን ሎሚ ቢያስቀምጡበት አይጥልም እየተባለ የሚማልበት። ተማሪ ሲሳሳት ይጠመዘዝ ነበር፤ ተማሪ ሲመልስም ይጠመዘዝ ነበር፤ ሚስታቸው በሞተች ጊዜ እንኳ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ደረቱን ሲመታ፣ የእሳቸው እጅ ከሪዙ አልወረደም። ያን ቀን ሰው ኩራት መሰለው። እኔ ግን ቅርብ ቆሜ ነበር፤ እጁ የሚይዘው አጥቶ ነው።

ወእምዝ የጦርነቱ መነሻ እንዲህ ሆነ። መምህሩ ሼንባጋም የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ነርስ ናት፤ ቁጡን በሽተኛ በአንድ ዓይን የምታስተኛ። እርሷም የቴንካሲውን ሙቱቬልን ወደደች፤ አባትዮውም ሪዛቸውን ሲጠመዝዙ ከርመው እሺ አሉ። የሙሽራው እናት ኡላጋማይ ትባላለች፤ እመቤተ ዘይት ወእሳት፣ ሠያሚተ ምጣድ፣ በቴንካሲ ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ባለው ሱቋ ሙሩኩ እየጠበሰች አውራጃውን የምታንኮሻኩሽ ባልቴት። ሙሩኩ ከሩዝ ዱቄትና ከተቆላ ጥራጥሬ ዱቄት ተቦክቶ፣ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ዙር በዙር ሆኖ በዘይት የሚጠበስ መክሰስ ነው፤ ያለ እርሱ ሰርግ የለም፤ ያለ እርሱ የተዳረች ልጅ እስክታረጅ ትታማለች።

በእጮኝነቱ ቀን ኡላጋማይ ከነወገኖቿ መጣች፤ ከሱቋም በትልቅ የናስ ትሪ ክምር ሙሩኩ አስይዛ መጣች፤ ያውም ያማረ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ መንትያ ሁሉ። መምህሩ አንዱን አነሡ፤ ወደ ብርሃን ዘርግተው በቀዳዳው አዩበት፤ ሪዛቸውን በቀኝ ጠመዘዙ፤ በግራ ጠመዘዙ፤ ከዚያም ይህን አዋጅ አስነገሩ፦

«እመት ኡላጋማይ አይቀየሙኝ። ይጣፍጣል፤ አልካድኩም። ሙሩኩ ግን አይደለም። ሙሩኩ ማለት በቋንቋችን መጠምዘዝ ማለት ነው፤ የቃሉ ሥር እዚያ ነው፣ ሌላ ቦታ አትፈልጉት። መጠምዘዝ ደግሞ የእጅ ነው። ሊጡን በሦስት ጣት እያጠበቁ፣ ጥምዙን ዙር በዙር ሲጠቀልሉት፣ ያን ጊዜ ሙሩኩ ተባለ። ይህ ከማሽን ቀዳዳ ተጨምቆ የወጣ ነው። የተጨመቀ ነገር ምን ይባላል? ጭማቂ! እንግዶቻችን፣ እንግዲህ ጭማቂውን ብሉ!»

ወኮነ ዐቢይ ጸጥታ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ ያን ቀን ቅቤውም ሙሩኩው ውስጥ ነበር፣ አልረዳም። ሙሽራው ሙቱቬል የእግሩን ጣት ማየት ጀመረ። ሼንባጋም ከጓዳው በር ጥርሷን ነክሳ አየችን። እኔም በእጄ የነበረውን ጭማቂ፣ ይቅርታ፣ ሙሩኩ፣ ቀስ ብዬ ወደ ትሪው መለስሁ።

ወሶበ ሰምዐት ዘንተ ኡላጋማይ፣ የሳሪዋን ጫፍ በወገቧ ሸጉጣ ተነሥታ ቆመች፤ በቴንካሲ ገበያ ይህን ስታደርግ ነጋዴ ሁሉ ሚዛኑን ያስተካክላል፤ የአዋጇም ቃል ይህ ነው፦

«አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት መጽሐፍ አጠበች አሉ! መምህር፣ ባሌ ሲሞት ይህ ልጅ ጡት አልጣለም ነበር። ያሳደገልኝ አሁን ጭማቂ ያሉት ነገር ነው። ያስተማረልኝም እርሱ ነው። እንግዲህ ይስሙኝ፤ በሰርጉ ዕለት፣ ልጄ የጋብቻውን ክር በልጅዎ አንገት ከማሰሩ በፊት፣ አንድ ሰሃን ሙሩኩ ጠምዝዘው ያቀርቡልኛል። በእህትዎ እጅ አይደለም፣ በጎረቤት እጅ አይደለም፤ በዚያው ሪዝ በሚያሻሹበት እጅዎ! ካቃተዎት፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት የእኔን በስሙ ይጥሩታል። ሁለቱንም እምቢ ካሉ ልጄን ይዤ ወደ ቤቴ። እንኳን ለክር፣ ለገመድም አላቆመውም!»

ይህን ብላ ትሪዋን ሳትወስድ ሄደች፤ እንግዳው ሁሉ ተከተላት፤ ትሪው ግን ቀረ። ትሪውን ማን እንዳነሣው በዚህ ዜና አይጻፍም።

በዚያው ቀን በሰማያዊ በር ቤት ውስጥ ጉድ ፈላ። ሼንባጋም አባቷ ፊት ቆማ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «አፓ፣ በሞቴ፣ አንድ ቃል እኮ ነው! ሙሩኩ ነው ብለው ይገላገሉ!» መምህሩም መለሱ፦ «ቃሉ የእኔ ቢሆን በሰጠኋቸው ልጄ፤ የቋንቋው ነው።» ልጅቱም ይህን ጨምራ አወጀች፦ «እኔ ደግሞ የቋንቋው ልጅ አይደለሁም፤ የእርስዎ ልጅ ነኝ። ይህ ሰርግ በዱቄት የተነሣ ከፈረሰ፣ አፓ ብዬ ሁለተኛ አልጠራዎትም።» በሩን ዘግታ ገባች። መምህሩ ለመልስ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ሥሩን የሚያውቁት ቃል ሁሉ ጠፋባቸው።

ያን ጊዜ ታላቅ እህታቸው ሶርናም ከማድ ቤት ወጣች። ይህች ሶርናም ሊቀ ሊቃውንት ዘሊጥ፣ እጀ ሰፊ፣ አፈ ሰፊ፣ በደቡብ መንገድ ለተዳረች ልጅ ሁሉ ሙሩኩ የጠመዘዘች ናት፤ ወንድሟንም የምትጠራው ታምቢ፣ ማለትም ታናሽዬ፣ እያለች ነው፤ ሽበታቸው አያግዳትም። አዋጇም ይህ ነበር፦ «ታምቢ፣ አንተ ሻይ ስታፈላ ውሃው ያርርብሃል! ሙሩኩ ጠምዛዥ ሆንክ? ጠማማ እንኳ ነህ፣ ይሄን አልክድም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ! በል ተነሥ፣ እጅህን ታጠብ። ላንተ አይደለም፤ ለልጅቷ ነው የማስተምርህ።» እሳቸውም ሳይከራከሩ ተነሥተው ታጠቡ፤ ይህም ራሱ በታሪክ የመጀመሪያው ነበር።

ከእሳቸውም ጋር የዘመቱት እነዚህ ናቸው፦ ሶርናም፣ የጦሩ አበጋዝ፤ ሼንባጋም፣ አኩርፋ ቃል ሳትተነፍስ ዱቄት የምትነፋ፤ ከናታቸው ዘመን የተረፈው ጥቁር የብረት ድስት፤ አንድ ዓይኗ የተቀደደ ወንፊት፤ ሊጥ የሚዘረጋበት፣ በፊት የመምህሩ የክብር ሽርጥ የነበረ ነጭ ጨርቅ፤ የጎረቤት ፍየል፣ ያልተጠራች፣ ግን የማትቀር፤ በስተኋላም እኔ ጸሐፊው፣ ከበሩ ጥግ፣ ሳህን ይዤ።

ሩዙም ታጠበ፤ በጥላ ደረቀ፤ በሙቀጫ ተወቀጠ። መምህሩ ሲወቅጡ ሙቀጫ የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ያስረዱ ነበር፤ ሲነፉም ስለ ወንፊት፤ በዚህ መካከል መንፋቱ ተረሳ። ከዚህ የተነሣ የመጀመሪያው ውጊያ በሽንፈት ተጠናቀቀ፤ ያልተነፋው የጥራጥሬ ጓል በሊጡ ተደብቆ ገብቶ፣ የጋለ ዘይት ውስጥ በደረሰ ጊዜ ድው! ብሎ ፈነዳ፤ ሌላውም ተከትሎ ድው! አለ፤ ዘይቱ እስከ ጣሪያው ወጣ፤ ፍየሏ ሸሸች፤ መምህሩ በመዝገበ ቃላቱ ፊታቸውን ከለሉ፤ እኔም በሩን ከለልሁ፣ ማለቴ በሩ እኔን ከለለኝ። ሶርናምም ከጓዳ ሆና አወጀች፦ «የቃሉን ሥር ተወው፣ ታምቢ፤ ያገሩን ሥር ልትነቅል ነው!»

በሁለተኛው ውጊያ ሊጡ ላላ፤ ጨርቁ ላይ ሲጋደም እንደ ሰነፍ ትል ተዘርግቶ ቀረ። በሦስተኛው ደረቀ፤ ዙሩ ሳይገጥም ተሰባበረ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መቁጠር ጽሕፈት ያደክማል። መምህሩ ነገሩን በዘዴ ሊይዙት ፈልገው ጥቁር ሰሌዳ አስመጡ፤ የአውራ ጣትን ቦታ፣ የሌባ ጣትን ቦታ በቀስት እያመለከቱ በጠመኔ ሣሉ፤ ሥዕሉም እጅግ ያምር ነበር፣ ግን አይበላም። የተሰበረው ሁሉ ወደ ሳህኔ መጣ፤ ከሱም የደነደነውን ስነክስ አንድ የኋላ ጥርሴን ለታሪክ ሰዋሁ። የሰርጉ ሳምንትም ደረሰ፤ በየአጥሩ ሰው ይጠይቅ ጀመር፤ ሼንባጋም አሁንም አባቷን አታናግርም፤ ሶርናም በመጨረሻ እጇን አንሥታ በግንባሯ ላይ ጣለች። መምህሩ ያን ጊዜ ፈሩ። ፊታቸው ሲገረጣ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ስለ ቃሉ አልነበረም።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ የሶርናም ስልክ ጮኸ፤ እጇ ሊጥ ስለነበረ በጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አድርጋ አነሣችው፤ የኡላጋማይም አዋጅ ከቴንካሲ እስከ ማድ ቤታችን ተሰማ፦ «እትዬ ሶርናም፣ የመምህሩ ነገር እንዴት ሆነ? ቃሉን ለመጠምዘዝ ምላስ ይበቃ ነበር፣ ሊጡ ምን አለ? እንደው ከቸገራችሁ ጭማቂ ልላክላችሁ?» ይህን በሰሙ ጊዜ መምህሩ በንዴት ተነሡ፤ የሚሰብሩት ነገር ፈለጉ፤ የሚሰበር ሁሉ ተሰብሮ አልቋል፤ እጃቸውም እንደ ልማዱ ወደ ሪዛቸው ወጥቶ ይጠመዝዝ ጀመር፤ ሊጡ ጣታቸው ላይ እንደሆነ፣ እያጠበቀ፣ እያዞረ፣ ወደ ላይ እየሳበ።

ሶርናም ስልኩን ጣለች፤ አዋጇም ጣሪያውን ነካ፦ «ቁም! እንዳትንቀሳቀስ! እጅህን እየው፣ ጅል! አውራ ጣትህ የት ነው? ሌባ ጣትህስ? ዕድሜ ልክህን አፍንጫህ ሥር ሙሩኩ ስትጠመዝዝ ኖረህ በሰሌዳ ላይ ትሥላለህ? ያንኑ! ያንኑ ወደ ታች አውርደው!»

ወናሁ ተከሥተ ምሥጢር! በአገራችን አፍ ሪዝ መጠምዘዝም ሊጥ መጠምዘዝም አንድ ግሥ ነው፤ ይህን መምህሩ ራሳቸው በየዓመቱ በክፍል ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ እኔ እንኳ ተማሪያቸው ሳልሆን በግድግዳው በኩል ሰምቼዋለሁ። አሁን ግን ማስረዳቱን ትተው ተቀመጡ፤ ሪዙን አንድ ጊዜ ጠመዘዙ፣ እጁ እንዲያስታውስ፤ ከዚያ ወርደው ሊጡን ጠመዘዙ፤ እንደገና ወጡ፣ እንደገና ወረዱ። ዙሩም ዙሩን ያዘ። ጨርቁ ላይ አንድ ሙሩኩ ተጋደመ፤ ጠባብ፣ ቀጥ ያለ፣ ጥምዙ እንደ ሹሩባ የሚቆጠር። ሼንባጋም ወንፊቷን አስቀምጣ መጥታ አየችው። ወንፊቱን መልሳ ስታነሣ ፈገግ ብላ ነበር። እኔም ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሳህኔ ባዶ ሆነ፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ከፋኝ።

በሰርጉ ዋዜማ፣ ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ፣ ሙሽራው በከበሮና በረጅሙ መለከት ታጅቦ ወደ ሰርጉ አዳራሽ ገባ። መምህሩም አዲስ ሽርጥ ታጥቀው፣ ሪዛቸውን እስከ ጆሮ ግንዳቸው አቁመው፣ ሰሃኑን በሁለት እጅ ይዘው አቀረቡ። ሕዝቡ እህ አለ። ኡላጋማይ አንዱን አነሣች፤ ዙሩን ቆጠረች፤ ጥምዙን በጥፍሯ ዳሰሰች፤ ፊቷም ሊፈታ ጀመረ፤ ምጣድ ላይ ያረጀች ሴት ናትና ጥሩ እጅ ስታይ መደበቅ አትችልም። ከዚያ ግን ዓይኗ በሦስተኛው ዙር ላይ ቆመ። በሁለት ጣቷ ጫፍ ይዛ ሳበች። ረጅም፣ ነጭ፣ ጫፉ የተጠማዘዘ ፀጉር ወጣ። ከፍ አድርጋ ለሕዝቡ ሁሉ አሳየችው፦

«ኧረ ሰዎች፣ እልል በሉ! የቃሉ ሥር ተገኘ! ይኸውና፣ ከነሥሩ!»

ወኮነ ዐቢይ ሳቅ፤ ከበሮ መቺው ሳቀ፤ መለከት ነፊው በመለከቱ ውስጥ ሳቀ፤ እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ። መምህሩ ሰሃኑን እንደያዙ ቀሩ፤ እጃቸው ተይዟልና ሪዛቸውን እንኳ መንካት አልቻሉም። ኡላጋማይም ጨመረች፦ «የመምህር ፀጉር ልበላ አልመጣሁም። እስከ ነገ ጠዋት ሌላ ይቅረብልኝ፤ ያን ነገር እየነኩ የጠመዘዙትን ግን አልቀምስም። አለዚያ የበፊቱ አዋጅ እንደጸና ነው።»

ያን ጊዜ ሙሽሪት ሼንባጋም ከሴቶቹ መካከል ወጣች። ሙሽራ በዚያ ሰዓት አንገቷን ደፍታ መቀመጥ ነበረባት፤ እሷ ግን ጌጧን እያንሿሿች መጥታ ከአባቷ ጎን ቆመች፤ እንዲህም ስትል አወጀች፦ «በአባቴ ማንም አይሳቅባቸው! ይህን የጠመዘዙት ለእኔ ነው። ሙቱቬል፣ አንተም ስቀሃል፤ አይቼሃለሁ!» ሙቱቬልም አልሳቅሁም ሊል አፉን ከፍቶ እውነቱን አስታወሰ፤ አንገቱን ደፋ። መምህሩ ወደ ልጃቸው ዞረው አዩ፤ ከእጮኝነቱ ቀን ወዲህ አባቴ ስትል የሰሟት ያን ጊዜ ነው።

በማግሥቱ ማለዳ፣ እንደ አገሩ ልማድ ሙሽራውን ሊላጭ ፀጉር አስተካካዩ በሰርጉ አዳራሽ ጓሮ በርጩማውን ዘርግቶ ነበር። ሙቱቬል ፊቱ አረፋ ተቀብቶ ተቀምጦ ሳለ፣ መምህሩ መጥተው በትከሻው ያዙት፤ «ልጄ፣ ተነሥ፤ እኔ እቸኩላለሁ» ሲሉ አወጁ። ሙሽራው ከነአረፋው ተነሣ። አስተካካዩ ነገሩ ሲገባው ምላጩን ወደ ኋላ ደበቀ፤ «ጌታዬ፣ ይህን እጄ አይችልም፤ አባቴም ይቺን ሪዝ ሲያስተካክል ኖሮ ነው የሞተው» ብሎ ለመነ። መምህሩም ዓይናቸውን ጨፍነው አገጫቸውን ቀና አደረጉ።

ወወድቀ ሪዝ! አቤት የዚያን ሰዓት! በቀኝ በኩል ያለው ክንፍ በመጀመሪያ ወደቀ፤ ግራው ብቻውን ጥቂት ቆሞ ቆየ፤ ከዚያም እርሱ ወደቀ፤ ሎሚ የሚያቆመው፣ ተማሪ የሚያንቀጠቅጠው፣ በሐዘን ቀን እንደ ምርኩዝ የተያዘው፣ በሲሚንቶው ላይ ሁለት ነጭ ቁራጭ ሆኖ ተኛ። ከሥሩም የወጣው ከንፈር ነጣ ያለ፣ ቀጭን፣ ፀሐይ ያላየ ነበር። ሰውየው አሥር ዓመት የተቀነሰላቸው ይመስሉ ነበር፤ ትንሽም ይበርዳቸው ነበር። ሙቱቬል አረፋው ፊቱ ላይ እየደረቀ ጎንበስ ብሎ እግራቸውን ነካ።

ከዚያም ወደ አዳራሹ ማድ ቤት ገብተው ተቀመጡ። እጃቸው እንዲያስታውስ ወደ ሪዙ ወጣ፤ ምንም አላገኘም፤ በባዶው ላይ ጥቂት ዘገየና ወረደ፤ ሊጡን ያዘ፤ ጠመዘዘ። ኡላጋማይ ደግሞ በዚያው ማለዳ ማድ ቤቱን ልትመረምር፣ ልማድ ነውና፣ ገባች፤ ድስቱ አጠገብ አንድ ሪዝ አልባ ሽማግሌ አየች፤ የሚረዳ ሠራተኛ መስሏት ጮኸችበት፦ «አንተ ሰውዬ! ዘይቱ ጨሰ እኮ! ምን ትገተራለህ፣ እሳቱን ሳብ አድርገው! እንዲህ ነው እንጂ... እሰይ፣ እጅህስ ጥሩ ነው፤ ማነው ያስተማረህ?» ሰውየውም ጎንበስ ብሎ እሳቱን ሳበ፤ ቀና አለ፤ «ሪዜ ነው ያስተማረኝ፣ እመት ኡላጋማይ» አለ።

ኡላጋማይ አየች። ዳግመኛ አየች። የሳሪዋን ጫፍ በአፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ድስቱ አጠገብ በርጩማ ስባ ተቀመጠች፤ ማጥለያውን አነሣች፤ እሳቸው ይጠመዝዛሉ፣ እሷ ትጠብሳለች፤ ሶርናምም በሩ ላይ ቆማ ትመለከታለች። ትኩሱ ሲወጣ ኡላጋማይ አንዱን ቆርሳ አኘከች፤ ድምፁ እስከ እኔ ተሰማ፤ እኔም ምራቄን ዋጥሁ፤ የመጨረሻ አዋጇም ይህ ሆነ፦ «ጨው በዝቶበታል።» ቀጥላም፦ «ሙሩኩ ነው።»

እንግዲህ መምህሩ አሸንፈዋል፤ ሌላ ንጉሥ ቢሆን ነጋሪት ያስመታ ነበር። እሳቸው ግን ሰው በተሰበሰበበት፣ ክሩ ሳይታሰር፣ የኡላጋማይን ትሪ አስመጡ፤ አንዱን አነሡ፤ ማንም ግድ ሳይላቸው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «የቃሉ ሥር መጠምዘዝ ነው ብያችሁ ነበር፤ አሁንም ያው ነው። አንድ ነገር ግን አልጠየቅሁም ነበር። ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት፣ ያን በእጅ የሚዞር የናስ መጭመቂያ በጋለ ዘይት ላይ ማን አዞረው? እጇን ዙር በዙር እያዞረች፣ በሌላው እጇ ልጅ ይዛ፣ እሳቱ እየጠበሳት ማን ቆመ? የተጠመዘዘው እዚያ ላይ ነው። ይህ ሙሩኩ ነው። ጭማቂ ብዬ ነበር፤ ያን ቃሌን ዋጥሁት፤ አሁን ደግሞ ይህን እበላለሁ።» በሉም። ኡላጋማይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳቅ ነው ወይስ ሌላ፣ ጸሐፊው አልጠየቀም።

ወእምዝ መለከቱ ተነፋ፤ ሙቱቬል ክሩን አሰረ፤ ሩዝና አበባ ተበተነ። ወደ ቴንካሲ የሚወስዳት መኪና ሞተሩ ሲነሣ ሼንባጋም በአንድ እጇ የሙሩኩ ቆርቆሮ አቅፋ፣ በሌላው እጇ ሪዙ በነበረበት ቦታ የአባቷን ፊት ዳሰሰች፤ «አፓ፣ ከንፈርዎ እኮ የእኔ ነው! ይህን ሁሉ ዓመት ደብቀውኝ!» አለች፤ ሳቀችም፣ አለቀሰችም፤ መኪናውም ሄደ።

ስለዚህ ክብር ይሁን ለመምህር ኔላያፓን፣ ሞዓ ጠመኔ፣ ሞዓ ሊጥ፣ ሥዩመ መዝገበ ቃላት ወምጣድ፤ የቃሉን ሥር በአፋቸው አውቀው በኋላ በጣታቸው ለተማሩት፤ ድል ባደረጉ ቀን ለተሸነፉት፤ ለጎረቤታቸው ለጸሐፊው አንድ ያልተሰበረ ሙሩኩ በገዛ እጃቸው ለሰጡት፤ ሎሚ ከሚያቆመው ሪዛቸው ልጃቸውን ላስበለጡት፤ አቧራው እስኪበርድ በደቡብ መንገድ መሐል ብቻቸውን ለቆሙት፤ እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ ሪዛቸው ወጥቶ ምንም ላላገኘው፣ ጥቂት ቆሞ፣ ከዚያም ትንሽ ከፍ ብሎ ዓይናቸውን ለጠረገው።